ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ፤ ለእያንዳንዱ ቀመር ቅድመ ሁኔታውን የጠየቀ ሊቅ

የአልጀብራ ሥራ በሚሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚገለገሉ የሙያ ባልደረቦቻችን አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም ሀ የተባለውን ተለዋዋጭ በራሱ አባዝተው የውጤቱን ዳግም ዘር እንዲያወጣ ፕሮግራሙን ሲጠይቁት፣ ማንኛውም ተማሪ ሀ ብሎ የሚመልሰውን ጥያቄ ፕሮግራሙ ሳያቃልል እንደ ተሰጠው መልሶ ያቀርበዋል። ሀ ፖዘቲቭ ቁጥር መሆኑ ሲነገረው ግን ወዲያውኑ ሀ ብሎ ይመልሳል። ሪል ቁጥር መሆኑ ብቻ ሲነገረው ደግሞ የሀን ፍጹም ዋጋ ይሰጣል። ብዙዎች ይህን የመሣሪያው ግትርነት አድርገው ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ የሀ ዋጋ ነጌቲቭ 3 ቢሆን፣ በራሱ ሲባዛ 9 ይሆናል፤ የ9 ዳግም ዘርም 3 እንጂ ነጌቲቭ 3 አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያደረገው ነገር ሀ ምን ዓይነት ቁጥር እንደ ሆነ ሳይነገረው ለመፍረድ እምቢ ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አይደለም። አንድ ቀመር እውነት የሚሆነው በውስጡ ያሉት ፊደላት ከተወሰነላቸው ክልል ሳይወጡ ሲቀሩ ብቻ መሆኑን አጥብቆ ያስተማረው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊ ሊቅ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ ነው። የዚህን ሰው ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት በየዕለቱ ለምንሠራበት መሣሪያ ጠባይ ምክንያቱን ያስረዳናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሺ የተወለደው በፓሪስ ከተማ ነሐሴ 21 ቀን 1789 ነው። ይህም የባስቲይ ወኅኒ ቤት በሕዝብ ከተደፈረ ከአምስት ሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው። አባቱ ሉዊ ፍራንስዋ ኮሺ በወደቀው መንግሥት የፓሪስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም ስለ ነበረ፣ የሽብሩ ዘመን ሲመጣ ቤተሰቡን ይዞ ከፓሪስ አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ አርከይ መንደር ሸሸ። ልጁ በዚያ የችግር ጊዜ ፊደል የቆጠረውና ትምህርት የጀመረው ከአባቱ እግር ሥር ነው። ለሥርዓተ መንግሥት መናወጥ የነበረው ጥላቻና ለንጉሣዊው ቤት የነበረው ታማኝነት ከዚህ የልጅነት ዘመኑ ጋር የተያያዘ ነው።

ዘመኑ ሲረጋጋ አባቱ በ1800 የሴኔት ጸሐፊ ሆነ። በሥራውም አማካይነት ታላላቆቹ የሒሳብ ሊቃውንት ላፕላስና ላግራንዥ ልጁን ሊያውቁት ቻሉ። ላግራንዥ የብላቴናውን ተሰጥዎ ቢገነዘብም፣ ወደ ከፍተኛው ሒሳብ ከመግባቱ በፊት የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርቱን በሚገባ እንዲያጠናቅቅ አባቱን መከረ። ምክሩም ተፈጸመ። ኮሺ በላቲን ቋንቋ ሽልማቶችን ካገኘ በኋላ በ1805 የኤኮል ፖሊቴክኒክን የመግቢያ ፈተና በሁለተኛነት አለፈ፤ በ1807 ደግሞ ወደ ድልድይና መንገድ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ እንደ ወጣም በ1810 ናፖሊዮን የባሕር ኃይል ሰፈር ወደሚያሠራበት ወደ ሼርቡር ወደብ በመሐንዲስነት ተላከ።

ወጣቱ መሐንዲስ ወደ ሼርቡር ሲሄድ ከያዛቸው ጥቂት መጻሕፍት መካከል የላፕላስ የሰማይ መካኒክና የላግራንዥ የፈንክሽኖች መጽሐፍ ይገኙ ነበር። ቀኑን በወደቡ ሥራ ሲደክም ይውልና በተረፈው ሰዓት ሒሳብ ያጠና ነበር። በ1811 ስለ ባለ ብዙ ገጽ ጠጣር ምስሎች ያቀረበው ማረጋገጫ በፓሪስ ሊቃውንት ዘንድ ስሙን አስጠራ። ይሁን እንጂ የሥራው ጫና ጤናውን ስላወከው ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላም ሙሉ ሕይወቱን ለሒሳብ ሰጠ።

በ1815 ኮሺ የኤኮል ፖሊቴክኒክ መምህር ሆነ። በ1816 ደግሞ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት አገኘ። ይህ ሹመት ግን ጥላ ነበረበት። ወደ ዙፋኑ የተመለሰው የቡርቦን ቤት፣ ሞንዥና ካርኖ የተባሉትን ታላላቅ ሊቃውንት በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት ከአካዳሚው ባባረረ ጊዜ፣ በሞንዥ ወንበር ያለ ምርጫ የተተካው ኮሺ ነበር። ችሎታው ለወንበሩ እንደሚበቃ ማንም አልተጠራጠረም፤ ነገር ግን የተባረረን ሰው ቦታ ያለ ማመንታት መቀበሉን ብዙ ባልደረቦቹ በቅሬታ ተመለከቱት።

የኮሺን ሥራ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን የአሠራር ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት በአልጀብራ ጠቅላላነት ያምኑ ነበር። አንድ ቀመር ለአንዳንድ ቁጥሮች ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ ለሌሎቹም ሁሉ ትክክል እንደሚሆን ይወስዱት ነበር። ለምሳሌ ከ1 ጀምሮ ሀን፣ ከዚያም ሀ በሀ ተባዝቶ የሚገኘውን፣ እንዲህ እያሉ ያለ ማቋረጥ ቢደምሩ፣ ድምሩ 1 ለልዩነቱ ተካፍሎ ይገኛል ይላል የታወቀው ቀመር፤ ልዩነቱም ከ1 ላይ ሀ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ሀ ግማሽ ቢሆን ድምሩ 2 ይሆናል፤ ይህም ትክክል ነው። ሀ 2 ቢሆን ግን፣ 1 እና 2 እና 4 እና 8 እያለ እየገዘፈ የሚሄደው ድምር በቀመሩ መሠረት ነጌቲቭ 1 ይሆናል። ታላቁ ኦይለር እንኳ ይህን ውጤት የሚቀበልበት ምክንያት አላጣም ነበር። እንዲህ ያለው ድፍረት በኦይለር እጅ ብዙ ድንቅ ነገር አስገኝቷል፤ ከኦይለር ያነሰ ማስተዋል ባለው ሰው እጅ ግን ስሕተትን ከእውነት የሚለይ ምንም መለኪያ አይተውም።

ኮሺ በ1821 ለኤኮል ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች ባሳተመው የአናሊሲስ ትምህርት መጽሐፉ ይህን ልማድ በግልጽ ተቃወመ። በመቅድሙ እንዳስገነዘበው፣ አብዛኞቹ ቀመሮች የሚሠሩት በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ሥር፣ በውስጣቸው ላሉት መጠኖችም የተወሰኑ ዋጋዎች ሲሰጧቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሊቅ ተግባር ቀመሩን መጻፍ ብቻ ሳይሆን፣ ቀመሩ የሚጸናበትን ክልል መወሰንና የተጠቀመባቸውን ምልክቶች ትርጉም ማጥራት ጭምር ነው። በዚሁ መሠረት ኮሺ የሊሚትን፣ ያለ ማቋረጥ የሚቀጥል ፈንክሽንን፣ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠጋ ድምርን ትርጉም አስቀመጠ። ወደ አንድ ቁጥር የማይጠጋ ድምር ድምር የለውም አለ። ከአንድ በላይ ዋጋ ሊኖረው የሚችለውን ዘር፣ አንድ የተወሰነ ዋጋ ብቻ ካለው ለመለየት እንኳ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ተጠቀመ። ዛሬ ፕሮግራሙ ስለ ዳግም ዘር የሚያነሣብን ጥያቄ በመሠረቱ በዚያ መጽሐፍ የተነሣው ጥያቄ ነው።

ኮሺ በ1822 ደግሞ አንድ ጸባየ ልዩ ፈንክሽን አቀረበ። ፈንክሽኑ በዜሮ ነጥብ ላይ ራሱም፣ የለውጥ ፍጥነቶቹም ሁሉ ዜሮ ናቸው፤ ስለዚህ በቴይለር ዘዴ ሲዘረዘር ዝርዝሩ በሙሉ ዜሮ ብቻ ይሆናል። ፈንክሽኑ ራሱ ግን ከዚያች አንዲት ነጥብ በቀር የትም ዜሮ አይሆንም። ይህ ትንሽ ምሳሌ ካልኩለስን በሙሉ በእንዲህ ያለው ዝርዝር ላይ ለመመሥረት የተነሣውን የላግራንዥን ሕንጻ ከመሠረቱ አናጋው። በልጅነቱ የመከረውንና በሼርቡር መጽሐፉን ያነበበለትን ሊቅ ማክበሩ፣ የሊቁን ቀመር ቅድመ ሁኔታ ከመጠየቅ አላገደውም።

በክፍል ውስጥ ግን ይህ አካሄድ ብዙ ወዳጅ አላተረፈለትም። ትምህርት ቤቱ የሚያሠለጥነው መሐንዲሶችን ስለ ነበር፣ ኮሺ በመሠረተ ሐሳብ ላይ ያለ ልክ ይዘገያል፣ ሰዓቱንም ያሳልፋል የሚል አቤቱታ ከተማሪዎችም ከአስተዳዳሪዎችም ይቀርብበት ነበር። አቤቱታው ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። ወደብ የሚሠራ ወጣት ቶሎ ማስላትን መማር ነበረበት። ዳሩ ግን የስሌቱ ፍጥነት እየጨመረ በሄደ ቁጥር የቅድመ ሁኔታው ነገር ይበልጥ አስፈላጊ እንደሚሆን ዘመናችን አረጋግጧል።

ስለዚህ ሰው የሚጻፍ ሁሉ የአቤልንና የጋልዋን ነገር ሳያነሣ ማለፍ አይገባውም። የኖርዌዩ ወጣት ኒልስ ሄንሪክ አቤል በ1826 ለአካዳሚው ታላቅ ጥናት ባቀረበ ጊዜ፣ እንዲመረምሩት የተሾሙት ሌዣንድርና ኮሺ ነበሩ። ኮሺ በራሱ ሥራ ተጠምዶ ጽሑፉን ወደ ጎን አኖረው። አቤል በ1829 በ26 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት መልስ አላገኘም ነበር፤ ጽሑፉም የታተመው በ1841 ነው። ኤቫሪስት ጋልዋ በ1829 ያቀረበው ጥናትም ለኮሺ ተሰጥቶ ዘገባ ሳይቀርብበት ቀርቷል። እያንዳንዱን ቀመር በጥብቅ የሚመረምረው ሰው የሌላውን ሰው ወረቀት ለመመርመር ጊዜ ማጣቱ በስሙ ላይ የቀረ ነቀፌታ ነው።

በሐምሌ 1830 በፓሪስ አብዮት ተነሥቶ ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ ከዙፋኑ ወረደ። አዲሱ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ የመንግሥት መምህራን ሁሉ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙለት አዘዘ። ኮሺ ለቀድሞው ንጉሥ የገባውን ቃል እንደ ፈረሰ መቁጠር ስላልፈለገ አልምልም አለ። ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በፓሪስ ትቶ ወደ ስዊስ አገር ሄደ፤ የማስተማር ሥራዎቹንም ሁሉ አጣ። በ1831 ወደ ኢጣልያዋ ቶሪኖ ከተማ ሄደ። በዚያው ዓመት በዚያች ከተማ ያቀረበው ጥናት ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አንድ ፈንክሽን ወደ ተከታታይ ድምር ሲዘረዘር ዝርዝሩ የሚጸናው እስከ የት እንደ ሆነ፣ ማለትም ፈንክሽኑ ጤናማ ጠባዩን እስከሚያጣበት እስከ ቅርቡ ነጥብ ድረስ መሆኑን አሳየ። በዚህም ቀድሞ በመቅድም ላይ የተጠየቀው የክልል ጥያቄ በስሌት የሚመለስ ሆነ።

በ1833 ኮሺ የስደተኛውን ንጉሥ የልጅ ልጅ የቦርዶን መስፍን ሳይንስ እንዲያስተምር ወደ ፕራግ ተጠራ። ቤተሰቡም በሚቀጥለው ዓመት ከእርሱ ጋር ተገናኘ። ልዑሉ ለሒሳብ ፍቅር ስላልነበረው አምስቱ ዓመታት ለመምህሩም ለተማሪውም የተመቹ አልነበሩም፤ ለድካሙ የባሮንነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1838 ወደ ፓሪስ ተመልሶ መሐላ በማይጠየቅበት በአካዳሚው ወንበሩን ያዘ። በ1839 የኬንትሮስ ቢሮ ለተባለው የሥነ ፈለክ ተቋም ቢመረጥም፣ መሐላውን ስላልፈጸመ መንግሥት ሹመቱን ሳያጸድቅለት ቀረ። ማስተማር በተከለከለባቸው በእነዚያ ዓመታት ያለ ማቋረጥ ይጽፍ ነበር። ለአካዳሚው ሳምንታዊ መጽሔት የሚያቀርባቸው ጽሑፎች እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ መጽሔቱ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የገጽ ወሰን ለማበጀት ተገደደ።

የ1848 አብዮት መሐላውን ሲሽረው ኮሺ በ1849 በፓሪስ የሳይንስ ፋኩልቲ ማስተማር ጀመረ። በ1852 መሐላው እንደገና ሲታወጅ እንደገና ሥራውን ተወ። በመጨረሻም ናፖሊዮን 3ኛ ከመሐላው ነጻ ስላደረገው እስከ ዕለተ ሞቱ አስተማረ። ንጉሣዊ አቋሙን የማይጋሩ ሰዎች እንኳ ለቃሉ ሲል ይህን ያህል ዘመን ጥቅሙን መተዉን ያደንቃሉ። ያው ጽናት ግን ከእርሱ የተለየ ሃይማኖታዊና ፖለቲካዊ አስተሳሰብ ከነበራቸው ባልደረቦቹ ጋር አላስማማውም። በበጎ አድራጎት ማኅበራት ውስጥም ለድሆች ብዙ ይደክም ነበር።

ከሕይወቱ ምዕራፎች ሁሉ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው የ1853ቱ ነው። ኮሺ በ1821ዱ መጽሐፉ፣ እያንዳንዳቸው ያለ ማቋረጥ የሚቀጥሉ ፈንክሽኖች ሲደመሩና ድምራቸው ወደ አንድ ዋጋ ሲጠጋ፣ ድምሩም ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። አቤል በ1826 ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ከሳይን ፈንክሽኖች የተገነባ ድምር በአንዳንድ ነጥቦች ላይ እንደሚቋረጥ ጠቁሞ ለሐሳቡ ልዩ ሁኔታ እንዳለው አመለከተ። ቀመር ሁሉ ቅድመ ሁኔታ አለው ብሎ ያስተማረው ሊቅ ከራሱ ቀመር ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጎድሎበት ተገኘ። ኮሺ ከ32 ዓመታት በኋላ፣ ዕድሜው ከ60 ካለፈ ወዲህ፣ ወደዚያው ሐሳብ ተመልሶ የጎደለውን አሟላ። ይኸውም ድምሩ ወደ ዋጋው የሚጠጋው በእያንዳንዱ ነጥብ በየፊናው ሳይሆን፣ በክልሉ ላሉት ነጥቦች ሁሉ በአንድነት መሆን አለበት የሚል ነው። ቅድመ ሁኔታን መርሳት የሰነፍ ሰው ስሕተት ብቻ አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል። የታወቀና የተለመደ መስሎ የሚታየው ነገር ለትጉህ ሰው ዓይንም ይሰወራል።

ኮሺ በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በሶ ከተማ ግንቦት 23 ቀን 1857 በ67 ዓመቱ አረፈ። የጻፋቸው ጥናቶች ወደ 800 ይጠጋሉ። ሥራዎቹን አሰባስቦ ማሳተም በ1882 ተጀምሮ በ1974 በ27 ቅጾች ተጠናቀቀ። ስሙም በኤፌል ግንብ ላይ ከተቀረጹት የ72 ሰዎች ስሞች አንዱ ነው።

ከሞቱ አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ቀመርን ማቃለል የመሣሪያ ሥራ ሆነ። በ1968 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የማክሲማ ፕሮግራም ሥራ ተጀመረ፤ በ1980 በካናዳ ሜፕል፣ በ1988 ማቲማቲካ ተከተሉ። እነዚህን የሠሩ ባለሙያዎች ከኮሺ ጥያቄ ማምለጥ አልቻሉም። ማክሲማ ለምሳሌ አንድ ኢንተግራል ሲሰጠው አንዱ ፊደል ፖዘቲቭ፣ ነጌቲቭ ወይስ ዜሮ መሆኑን ተጠቃሚውን መልሶ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መጠኑ ለ በተባለ ፍጥነት እየመነመነ የሚሄድን ነገር ከዜሮ እስከ ማያልቅ ጊዜ ብንደምረው ውጤቱ 1 ለለ ተካፍሎ የሚሆነው ለ ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለ ዜሮ ወይም ነጌቲቭ ቢሆን ውጤት የለውም። እንዲሁም የሁለት ቁጥሮች ብዜት ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞቻቸው ድምር ነው የሚለው የታወቀ ሕግ ለፖዘቲቭ ቁጥሮች እንጂ ለኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሁሉ አይጸናም።

ስለዚህ የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ታሳቢ የሚመዘገብበት መንገድ አላቸው። ተጠቃሚው ሀ ሪል ነው፣ ፖዘቲቭ ነው፣ ወይም ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ ያስመዘግባል፤ ፕሮግራሙም በተመዘገበለት ልክ ያቃልላል። ተለዋዋጩ ሙሉ ቁጥር መሆኑ ከታወቀ የፓይ ብዜት የሆነ ማዕዘን ሳይን ዜሮ ሆኖ ይወጣል፤ ካልታወቀ ግን እንዳለ ይቆያል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ፍጹም አይደለም። ሀ ለሀ ሲካፈል ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሀ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ሳይጠይቁ 1 ብለው ያቃልሉታል። ሜፕል ታሳቢ ባለው ፊደል ጎን ምልክት የሚያደርገው ተጠቃሚው ያስመዘገበውን እንዳይረሳ ነው። ሲምፓይ በተባለው ፕሮግራም ደግሞ ስማቸው አንድ ሆኖ ታሳቢያቸው የተለያየ ሁለት ፊደላት እንደ ሁለት የተለያዩ ተለዋዋጮች ስለሚቆጠሩ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ዜሮ አይሆንም። ከዚህም በላይ ዳንኤል ሪቻርድሰን በ1968 እንዳረጋገጠው፣ ሳይንን፣ ኤክስፖነንሻልንና ፍጹም ዋጋን የሚያካትቱ አገላለጾች ሁሉ ዜሮ መሆን አለመሆናቸውን የሚወስን አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ማቃለል ለመሣሪያ ብቻ ተትቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ታሳቢን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ኃላፊነቱም የዚያው ሰው ነው። የምሰሶ ርዝመት፣ የአንድ ዕቃ ክብደት፣ የሰው ብዛት ፖዘቲቭ መሆናቸውን የሚያውቀው መሐንዲሱ ወይም ተመራማሪው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። መልሱ ቶሎ እንዲያጥር ሲባል የማይታወቀውን ፖዘቲቭ ነው ብሎ ማስመዝገብ ግን የማያምኑበትን መማል ነው። ፕሮግራሙ ቃላችንን ተቀብሎ አጭርና የሚያምር ውጤት ይሰጠናል፤ ውጤቱ በሪፖርት ገብቶ፣ ከሪፖርቱ ወደ ሥራ ሲተላለፍ፣ ቅድመ ሁኔታው በመንገድ ይቀራል። በመሆኑም የስሌት ውጤት ለሌላ ባለሙያ በምናስተላልፍበት ጊዜ ሁሉ ያስመዘገብናቸውን ታሳቢዎች ከውጤቱ ጎን መጻፍ ይገባናል። ኮሺ በ1853 በራሱ ቀመር ላይ የጨመረው አንድ ሐረግ ብቻ ነበር፤ ያ ሐረግ እስኪጨመር ግን 32 ዓመታት አልፈዋል።